የወግ ዙር፣ ፕሌይባክ፣ ፎረም ወይስ ድራማ? ጎረቤትን ለማቀራረብ ለጎንደር ሰፈሮች የምርጫ መመሪያ

እድሩ ወይም የወጣት ማኅበሩ «ሰፈራችንን እናቀራርብ» ብሎ ሲነሳ ቀድሞ የሚመጣው ሐሳብ ድራማ መሥራት ነው። ድምፅ ማጉያ ይከራያል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ልጆቹ ሁለት ወር ይለማመዳሉ። ሰዉ መጥቶ ይስቃል፣ ያጨበጭባል፣ ይሄዳል። በማግስቱ ግን በአንድ አጥር የሚዋሰኑ ሁለት ቤተሰቦች ሰላምታቸው ከትናንቱ አልጨመረም። ድራማ ሰውን አስቀምጦ ያሳያል፤ ጎረቤትን ከጎረቤት ጋር የማነጋገር ሥራ በራሱ አይሠራም።

ለሰፈር የሚሆኑ አራት መንገዶች አሉ፦ ክብ ሠርቶ የራስን ታሪክ መናገር (የወግ ዙር እንበለው)፣ ፕሌይባክ ቴአትር (ተዋንያን የታዳሚውን ታሪክ ወዲያው የሚጫወቱበት)፣ ፎረም ቴአትር (ታዳሚው ራሱ ጨዋታው ውስጥ ገብቶ መፍትሔ የሚሞክርበት) እና የተጻፈ ድራማ። የሚጠይቁት ጊዜ፣ ሰውና ጥንቃቄ በጣም ይለያያል። እዚህ የምንመዝናቸው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ዝግጅቱ ሲያልቅ፣ በሰፈሩ ስብሰባ ድምፃቸው ተሰምቶ የማያውቅ ስንት ሰዎች ተናገሩ? ስንት ሰው ተመለከተ የሚለው ለሪፖርት ይጠቅም ይሆናል፤ ስለ ጉርብትናው ግን ብዙ አይነግረንም።

መጀመሪያ ሰፈሩን መመዘን

በፒያሳ ዙሪያ ወይም በአዲስ ዓለም ባለ ነባር ሰፈር ሰዎች የሚተዋወቁት በአያት ነው። ማን የማን ልጅ እንደሆነ፣ ማን ከማን ጋር በቤት ውርስ እንደተካሰሰ ሁሉም ያውቃል። እዚያ የሚያስቸግረው ገመና ነው። ሁሉም ስለሚያውቀው ማንም በአደባባይ ሊያነሳው አይደፍርም። እንዲህ ባለ ቦታ «እስቲ የራስህን ተናገር» ማለት ሰውን ጥግ ማስያዝ ስለሆነ ጉዳዩን ለፈጠራ ገጸ ባሕርይ የሚያሸክም መንገድ ይሻላል። በኮንዶሚኒየም ወይም በማራኪና በአዘዞ በኩል በአንድ ግቢ በተደረደሩ የኪራይ ክፍሎች ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። አንዱ ከደባርቅ፣ አንዱ ከመተማ፣ አንዱ ከአዲስ አበባ መጥቶ በአንድ ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ ስም እንኳ አይለዋወጥም። ለእነዚህ የራስን ታሪክ መናገር ያን ያህል አያስፈራም፤ የጠፋው ምክንያት ብቻ ነው።

ደም የፈሰሰበት፣ ፍርድ ቤት የደረሰ ወይም በዚህ ሳምንት የተነሳ ጠብ በሰፈሩ ካለ ከአራቱ አንዱንም አትምረጡ። ያ የሽማግሌ ሥራ ነው። ሽምግልና ሁለቱን ወገን ለየብቻ ይሰማል፣ ጊዜ ይወስዳል፣ ካሳና ዋስ አለው፤ ቴአትር እነዚህ የሉትም። ያልበረደ ጠብ መድረክ ላይ ሲወጣ ታዳሚው በሁለት ይከፈላል፤ በማግስቱም ሽማግሌዎቹ የሚይዙት ነገር ከበፊቱ ይከብዳል። እርቁ ካለቀ በኋላ ግን የወግ ዙር ሽማግሌዎች የጀመሩትን ሊያጠነክር ይችላል።

የወግ ዙር

ብዙ ጊዜ መነሻው ይህ ቢሆን እንመርጣለን። በአሜሪካ ደቡብ ለጥቁሮች መብት ሲሠራ የነበረው ፍሪ ሳውዘርን ቴአትር እ.ኤ.አ. በ1963 ሲመሠረት ከመሥራቾቹ አንዱ የነበረው ጆን ኦኒል ይህን መንገድ ያዳበረው ከቴአትር በኋላ የሚደረገው ውይይት ስላስቸገረው ነው። ውይይቱ ወዲያው ወደ ክርክር ይለወጣል፤ ክርክር ላይ ደግሞ የሚያሸንፈው መናገር የለመደው ነው። «አስተያየታችሁን ስጡ» ከማለት «ታሪክ ንገሩን» ማለት ሲጀመር ዝም ይሉ የነበሩት ተናገሩ። የቀበሌና የእድር ስብሰባ የሚያውቅ ሁሉ ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። እጅ የሚያወጡት ሁልጊዜ እነዚያው አምስት ሰዎች ናቸው።

አደራረጉ ቀላል ቢሆንም ዝርዝሩ ይወስነዋል። በአንድ ክብ ከ8 እስከ 10 ሰው ይቀመጣል። ከ12 ካለፈ የመጨረሻዎቹ ተራ እስኪደርሳቸው ጆሯቸው ይደክማል። መሐል ጠረጴዛ አይኑር፤ ወንበሮቹም አንድ ዓይነት ይሁኑ፤ አንዱ በሶፋ ሌላው በበርጩማ ከተቀመጠ ክቡ ከመጀመሪያው ደረጃ አለው። ለእያንዳንዱ ሰው 3 ደቂቃ ይሰጣል። ሰዓት ያዡ ደቂቃው ሲያልቅ እጁን ደረቱ ላይ ያደርጋል፤ በቃል አያቋርጥም። ተራው የሚሄደው በአቀማመጥ ነው። ያልተዘጋጀ ሰው «ይለፈኝ» ብሎ ያሳልፋል፤ ዙሩ ሲያልቅ ዕድሉ ይመለስለታል። ሰው እየተናገረ ማረም፣ መምከር፣ «እኔንም አንዴ» ብሎ መግባት አይፈቀድም። አንድ ዙር በ10 ሰው ከመሸጋገሪያው ጋር 40 ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ ሁለት ዙርና መዝጊያ ሁለት ሰዓት ይበቃቸዋል።

አስተባባሪው ቀድሞ ይናገር። ይህን የምናጠብቀው ርዝመቱንና ጥልቀቱን የሚወስነው የመጀመሪያው ተናጋሪ ስለሆነ ነው። እሱ ሰባት ደቂቃ ከወሰደ ሁሉም ሰባት ይወስዳል፤ እሱ ስለ ሰፈሩ ታሪክ ንግግር ካደረገ አሥር ንግግር ትሰማላችሁ።

እንግዲህ አባቶችስ? በዕድሜ የገፋ ሰው ወይም ቄስ፣ ሼህ ባለበት ክብ በአቀማመጥ ተራ መሄድ ድፍረት ሊመስል ይችላል። መፍትሔው አስቀድሞ ቤታቸው ሄዶ ማስረዳትና የመክፈቻውንና የመዝጊያውን ምርቃት እንዲሰጡ መጠየቅ ነው። ክብራቸው በምርቃቱ ይጠበቃል፤ በመሐል ያለው ዙር ደግሞ ለሁሉም እኩል ይሆናል። ይህ ሳይደረግ ከቀረ አባት ቀድመው ይናገራሉ፣ ንግግሩ ስብከት ይሆናል፣ ቀጥሎ ያለው ወጣትም «አባ እንዳሉት» ብሎ ይደግመዋል።

ጥያቄው ሥራውን ግማሽ ይሠራል። «ስለ አብሮነት ምን ታስባላችሁ» ቢባል መልሱ መፈክር ነው። የተወሰነ ቀንና ቦታ የሚያስታውስ ጥያቄ ምረጡ፦ በዚህ ሰፈር ያደርኩበት የመጀመሪያ ሌሊት፤ ውኃ ጠፍቶ የማን ቤት እንደቀዳሁ፤ ጎረቤት በሌሊት በሬን ያንኳኳበት ቀን፤ ስሜን ማን እንዳወጣልኝ። የመጨረሻው ለማይተዋወቁ ሰዎች የሚሆን ምርጥ መክፈቻ ነው፤ ማንም ሰው መልስ አያጣም፣ አገርና ቤተሰብም ሳይጠየቅ ይመጣል። ስለ ጥምቀት ወይም ስለ ዒድ የሚጠይቅ ጥያቄ በድብልቅ ሰፈር ከክቡ ግማሹን ተመልካች ያደርጋል። «በዓል ቀን ብቻዬን የሆንኩበት ጊዜ» ካላችሁ ግን ለሁለቱም ይሆናል። ገና ያልዳነ ቁስል የሚነካ ጥያቄ አታውጡ። ከጦርነት ሸሽተው የመጡ ጎረቤቶች ባሉበት ሰፈር «ከባዱ ቀኔ» ብሎ መጠየቅ ጭካኔ ነው። ሰው ራሱ ካነሳው ይሰማል፤ በኋላ የሚሸኘውና በማግስቱ የሚጠይቀው ሰው ቀድሞ ይመደብ፤ ሐዘኑ ከከበደበት ወደ ጤና ጣቢያ አብራችሁት ሂዱ።

ቡና ለዚህ ዝግጅት የተፈጠረ ይመስላል፤ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። በዙሩ መሐል ከተፈላ ሙቀጫውና ሲኒው ተናጋሪውን ይቆርጡታል። ከዚያ የሚብሰው፣ የምታፈላዋ ሴት ስትቀዳና ስታቀርብ ከክቡ ውጭ ትቀራለች፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ ሰፈሩን ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት። አቦል ከዙሩ በፊት፣ ቶና በሁለቱ ዙሮች መካከል፣ በረካ ከመዝጊያው በኋላ ይሁን፤ ዙሩ ሲጀመር ረከቦቱን ትታ ወንበሯ ላይ ትቀመጥ።

ደካማ ጎኑ የሰው ቁጥር ነው። 40 ሰው ከመጣ አራት ክብና አራት አስተባባሪ ያስፈልጋል፤ በክቦቹ መካከልም ከ6 ሜትር ያላነሰ ርቀት ይኑር። በአንድ አዳራሽ ውስጥ ከሁለት ክብ በላይ ድምፁ ይደባለቃል። ወጪው ግን ቡና፣ ቆሎና ዳቦ ብቻ ነው፤ አስተባባሪን ለማሠልጠንም በሁለት የልምምድ ዙር መጀመር ይቻላል።

ፕሌይባክ ቴአትር

ጆናታን ፎክስና ጆ ሳላስ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1975 በኒውዮርክ ግዛት ጀመሩት። ጽሑፍ የለውም። ከታዳሚው አንድ ሰው ወደ ፊት ወጥቶ ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ መሪው ጥቂት ጥያቄ ይጠይቀዋል፦ መቼ ነበር፣ ማን ነበር፣ ምን ተሰማህ። ባለታሪኩ ከተዋናዮቹ እሱን ሆኖ የሚጫወተውን ይመርጣል። መሪው «እንመልከት» ሲል ተዋንያኑ ሳይመካከሩ ታሪኩን ይጫወቱለታል፤ ሲያበቃ የመጨረሻው ቃል የባለታሪኩ ነው። አራት ተዋናይ፣ አንድ መሪ፣ አንድ ሙዚቀኛ፣ ጥቂት ቁራጭ ጨርቆችና ሁለት ወንበር ይበቃል። በአንድ ሰዓት ተኩል ታዳሚው የሚናገራቸውን አጫጭር ስሜቶች ከመጫወት በተጨማሪ ሦስት ወይም አራት ሙሉ ታሪክ ይጫወታሉ።

ከ30 እስከ 60 ሰው ለሚሰበሰብበት ቦታ ይህን የሚያህል የለም፤ ባለታሪኩ ራሱን ሲመለከት፣ ጎረቤቱም እሱን በአዲስ ዓይን ያየዋል። ነገር ግን ከአራቱ በጣም ከባዱ ነው። ያልሠለጠነ ቡድን ታሪኩን ወደ ቀልድ ይወስደዋል፤ ምክንያቱም ተዋናይ ሲጨነቅ ሳቅ ይፈልጋል፣ የኛም የኮሜዲ ልማድ ያግዘዋል። ሰው የሞተበትን ቀን የተናገረ ሰው ፊት አንድ የማይገባ ሳቅ ከተሰማ ሁለተኛ ባለታሪክ አይወጣም። በሳምንት ሁለት ቀን ቢያንስ ለሦስት ወር ያልተለማመደ ቡድን ለሕዝብ አይቅረብ፤ ልምምዱም በራሳቸው በተዋንያኑ ታሪክ ይሁን፣ ያን ወንበር ያልቀመሰ ሰው ክብደቱን አያውቅምና።

ጎንደር እዚህ ላይ ሌላው ያላገኘው ሀብት አላት። የአዝማሪዎቹ መንደር ቡርቧክስ ቅርብ ነው፤ ከተማው ውስጥም ማሲንቆ የሚይዝ አይጠፋም። ማሲንቆ ሐዘንንና ዝምታን ስለሚሸከም ለዚህ ሥራ የተሻለ መሣሪያ አይገኝም። ሆኖም የአዝማሪ ሙያ ሰውን ማወደስና በሰምና ወርቅ መውጋት ስለሆነ ስምምነቱ ቀድሞ ይደረግ፦ በታሪኩ መሐል ግጥም አይገጥምም፣ የማንንም ስም አያነሳም፣ ዜማ ብቻ ይሰጣል። መዝጊያው ላይ ግን ስለ ሰፈሩ እንደልቡ ይግጠም። ሽልማትም አይኑር። ብር ግንባር ላይ መለጠፍ ከተጀመረ የትኛው ታሪክ በለጠ የሚል ፉክክር ይመጣል። የአዝማሪው ክፍያ ቀድሞ ተነጋግራችሁ ለብቻ ይሰጠው።

ፎረም ቴአትር

ብራዚላዊው አውጉስቶ ቦአል እ.ኤ.አ. በ1971 ታስሮ ከአገሩ ከተሰደደ በኋላ በላቲን አሜሪካ ያዳበረው ነው። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ የሚሆን ጨዋታ ይቀርባል፤ ዋናው ገጸ ባሕርይ አንድ ነገር ፈልጎ በክፉ ሁኔታ ሳይሳካለት ይቀራል። ከዚያ ጨዋታው እንደገና ይጀመራል፤ ታዳሚው «ቁም!» ብሎ ያስቆማል፣ ወጥቶም በዋናው ሰው ቦታ ገብቶ ሌላ መንገድ ይሞክራል። ሌሎቹ ተዋንያን አይለቁለትም፤ እውነተኛው ሕይወት እንደሚቋቋመው ይቋቋሙታል። አወያዩ ከእያንዳንዱ ሙከራ በኋላ ታዳሚውን ይጠይቃል፦ ይህ በኛ ሰፈር ይሆናል ወይ?

ለሰፈር ተጨባጭ ጉዳይ ይህን ምረጡ፤ የጋራ ውኃ ቧንቧ ተራ፣ ቆሻሻ የሚጣልበት ቦታ፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ የሚጮህ ሙዚቃ፣ ለእድር የማይከፍል ተከራይ። ጉዳዩ እንደ «ድህነት» ከሰፋ ማንም ወጥቶ የሚሞክረው ነገር የለውም። ስድስት ሰውና አራት ሳምንት ይበቃል።

ሲበላሽ የሚበላሸው በሦስት መንገድ ነው። አንደኛ፣ ክፉው ሰው ጭራቅ ተደርጎ ይሣላል፤ ያኔ ሙከራው ሁሉ ከንቱ ነው። አከራይዋ ልጆቿን በኪራዩ የምታሳድግ መሆኗ ይታይ። ሁለተኛ፣ ሰው ወንበሩ ላይ ሆኖ ይመክራል እንጂ አይወጣም። አወያዩ «በጣም ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ይምጡና ያሳዩን» ብሎ እጁን ይዘርጋ፤ ጨዋታው ከመጀመሩ በፊትም ሁሉም ተነስተው የሚሠሩት ቀላል ጨዋታ አምስት ደቂቃ ያጫውታቸው። ሴቶች በወንዶች ፊት መውጣት ከከበዳቸው መጀመሪያ ለሴቶች ብቻ፣ በሌላ ቀን ለሁሉም ይታይ። ሦስተኛውና አደገኛው፣ ጨዋታው የአንድን ቤት እውነተኛ ታሪክ ሲመስል ነው። በትንሽ ሰፈር ስም መቀየር አይደብቅም። ሙያውን፣ የልጆቹን ቁጥር፣ የቤቱን አቀማመጥ ቀይሩ፤ ከሦስት የተለያዩ ቤቶች የተሰሙትን አንድ አድርጉ፤ ከዚያም ከልምምዱ ውጭ ለሆኑ ሁለት እናቶች አሳዩና «ይህ የማን ቤት ነው?» በሏቸው። ሁለቱም አንድ ስም ከጠሩ እንደገና ጻፉ።

የተጻፈ ድራማ

ብዙ ሰው ይጠራል፣ ልጆችን ያኮራል፣ እድሜውም ይረዝማል፤ በዓል ለማድመቅ ወይም የሰፈሩን ትዝታ ለማኖር ይምረጡት። ከወግ ዙር የተሰበሰበ ታሪክ ባለቤቱ ከፈቀደ ለጽሑፉ ግብዓት ይሆናል፤ ፈቃዱ ግን ሁለት ጊዜ ይጠየቅ፣ ሲሰበሰብና ጽሑፉ አልቆ ሲነበብለት። ከ30 ደቂቃ አይብለጥ፤ ተዋንያኑ የሰፈሩ ሰዎች ይሁኑ፤ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ልምምድ ይመደብ። ለማቀራረብ ከፈለጋችሁት ተመልካቹ ሲጨርስ አይበተን፤ በስምንት በስምንት ተከፍሎ «ይህ ምን አስታወሰህ» የሚል አንድ የወግ ዙር ያድርግ። ያ ከሌለ ትርዒት ብቻ ነው።

ለአራቱም የሚሆን

ቦታ ሲመረጥ የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ ግቢ ለድብልቅ ሰፈር አይሆንም፤ የእድር አዳራሽ ወይም የትምህርት ቤት ግቢ ይሻላል። ድንኳንና አግዳሚ ወንበር እድሩ አለው፤ ሐዘን ከገጠመ ግን ቅድሚያው የሐዘኑ ነውና ተለዋጭ ቀን ያዙ። ከሰኔ እስከ መስከረም መጀመሪያ ከሰዓት በኋላ ዝናብ አይታመንም፤ በቆርቆሮ ጣራ ሥር ደግሞ ዝናብ ሲጀምር የማንም ድምፅ አይሰማም፤ በክረምት ጠዋት አድርጉት። በበጋ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ጀምራችሁ ከ11 ሰዓት ተኩል በፊት ጨርሱ፤ ብርሃን አለ፣ መብራት ቢጠፋም ግድ የለም፣ ሰውም ሳይመሽበትና ሳይበርደው ቤቱ ይገባል። ታዳሚው ፀሐይን በጀርባው እንዲያደርግ አስቀምጡት፤ ተዋንያኑ ግድግዳ ከኋላቸው ካደረጉና የመጨረሻው ረድፍ ከ10 ሜትር ካልራቀ ማይክ አያስፈልግም።

ምግቡ ዳቦ፣ ቆሎና ቡና ይሁን። ሥጋ ከገባ ክርስቲያንና ሙስሊም በአንድ ገበታ አይበሉም፤ ቅቤ ከገባ የጾም ቀን ችግር ነው። ዓርብ ቀትር፣ ቅዳሜ የገበያ ሰዓትና የረመዳን ማፍጠሪያ አይመረጡም። ለቀበሌው በደብዳቤ አሳውቁ።

አበል አትክፈሉ። አንዴ የተከፈለበት ዝግጅት ሁለተኛ ጊዜ ሳይከፈል ሲጠራ ባዶ ወንበር ነው። ስልክ ደግሞ ኪስ ውስጥ ይሁን፤ መክፈቻው ላይ በግልጽ ይነገር፣ በር ላይም አንድ ሰው ይቁም። የአንዲት እናት እንባ ቲክቶክ ላይ ከወጣ የዓመት ሥራ በአንድ ሌሊት ይጠፋል። ፎቶ ካስፈለገ ከዝግጅቱ በኋላ፣ ፈቃደኞች ብቻ ቆመው ይነሱ።

እንግዲህ ምርጫው

በኮንዶሚኒየምና በኪራይ ግቢ የወግ ዙር በየወሩ፣ በአንድ ደረጃ ወይም በአንድ ግቢ ከሚኖሩ ጀምራችሁ፤ ሦስት ወር ሳይሞላ ሌላ ነገር አትጨምሩ። በነባር ሰፈር ፎረም አስቀድሙ፣ ከፎረሙ በኋላ ሰው በራሱ ማውራት ሲጀምር የወግ ዙሩን አስከትሉ። ወጣትና ሽማግሌ የተራራቁበት ሰፈር ከሆነ የወግ ዙሩን እኩል በእኩል፣ አንድ ወጣት አንድ አዛውንት እያፈራረቃችሁ አስቀምጡ፤ እዚያ ፎረም ቢቀድም ወጣቶቹ ብቻ ይወጣሉ። ተፈናቅለው የመጡ ባሉበት የወግ ዙር ብቻ፣ ክቡም ከ8 ሰው ባይበልጥና ከክቡ ቢያንስ ግማሹ የሰፈሩ ነባር ሰው ቢሆን፤ እንግዶቹ ብቻ እንዲናገሩ፣ ነባሮቹ እንዲሰሙ ካደረጋችሁት ልመና ይመስልባቸዋል። ፕሌይባክን ቢያንስ አንድ ዓመት ለመቀጠል የቆረጡ ስድስት ሰዎች ሲገኙ ጀምሩ፤ አምስቱ ብቻ ከሆኑ ስድስተኛውን እየፈለጋችሁ በወግ ዙር ሥሩ።

የትኛውንም ብትመርጡ የቀጣዩን ቀን ሰው ሳይበተን ቁረጡ፣ ቀጣዩን ክብ የሚያስተባብረውንም ሰው እዚያው ሰይሙ፤ ከተቻለ ዛሬ «ይለፈኝ» ካሉት መካከል አንዱን፣ ግን መጀመሪያ ለብቻው ጠይቃችሁ።